36ቱ ወራሪዎች፤ ከመጫወቻ አዳራሽ ወደ ሳሎን የገባ ሸቀጥ ምን ያስተምራል?

በአንድ ገበያ የደራ ዕቃ በሌላው ገበያ ይደራ ይሆን? ንግድ የጀመረ ሰው ሁሉ አንድ ቀን ከዚህ ጥያቄ ጋር ይፋጠጣል። ዕቃው ያው ነው። ገዢው ግን ሌላ፣ ኪሱም ሌላ፣ ዕቃውን የሚጠቀምበት ቦታም ሌላ ነው። ታዲያ እንዳለ ማዛወር ይሻላል ወይስ ለአዲሱ ገበያ እንደገና መስፋት? ለስሙ ስንት ይከፈላል? ስንትስ ተመርቶ መጋዘን ይገባል?

ለዛሬው ትምህርታችን የመረጥነው ምሳሌ ብዙዎች «የልጅ ጨዋታ» ብለው ከሚያልፉት ንግድ የተወሰደ ነው። ይኸውም የኤሌክትሮኒክስ ጌም ንግድ ሲሆን፣ አንድ የአሜሪካ ኩባንያ በዚህ ሥራ በአንድ ካሴት ሰማይ ነክቶ፣ ያንኑ ዘዴ ያለ ልክ ሲደግመው በአራት ዓመት ውስጥ ተሰባብሮ ተሽጧል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ዕቃው ከየት መጣ?

ታይቶ የተባለውን የጃፓን ኩባንያ በ1953 ቶኪዮ ላይ ያቋቋሙት በኦዴሳ የተወለዱት ነጋዴ ሚካኤል ኮጋን ነበሩ። ኩባንያው ሲጀምር ቮድካ ያመርት፣ በሳንቲም የሚሠሩ የዕቃ መሸጫ ማሽኖችንም ያስመጣ ነበር። ከዚያም ወደ ሙዚቃ ማጫወቻና ወደ መጫወቻ ማሽኖች ተሸጋገረ። በ1978 ቶሞሂሮ ኒሺካዶ የተባለው መሐንዲሱ «ስፔስ ኢንቬደርስ» ወይም «የጠፈር ወራሪዎች» የተሰኘውን ጌም ሠርቶ አቀረበ። ከላይ 55 ወራሪዎች በአምስት ረድፍ ተሰልፈው ወደ ታች ይወርዳሉ። ተጫዋቹ ከታች ሆኖ በመድፍ ይመታቸዋል፤ አራት መከለያዎችም አሉት። ወራሪዎቹ መሬት ከደረሱ ጨዋታው ያልቃል።

ጌሙ የሚሠራው በኢንቴል 8080 ፕሮሰሰር ነበር። ፕሮሰሰሩ 55 ምስል ለማንቀሳቀስ አቅም ያጥረው ስለነበር ወራሪዎቹ በዝግታ ይጓዙ ነበር። ቁጥራቸው እያነሰ ሲሄድ ግን ሥራው ስለሚቀለው እየፈጠኑ ይሄዳሉ። ኒሺካዶ ይህን አይቶ እንደ ጉድለት አላረመውም፤ ጨዋታውን የሚያስጨንቅና የሚያጓጓ ስላደረገው እንዳለ ተወው። ከዕቃው ጉድለት ገበያ የሚወጣበት ጊዜ መኖሩን ልብ ይሏል።

ማሽኑ በጃፓን ከመቶ ሺህ በላይ ተሠራጨ። በአሜሪካ ደግሞ ሚድዌይ የተባለው ኩባንያ ከታይቶ ፈቃድ ወስዶ አመረተው። በዚያን ጊዜ በጃፓን የመቶ የን ሳንቲም ከገበያ እስኪጠፋ ድረስ ሰው ተጫወተ የሚል ወሬ እስከ ዛሬ ይተረካል፤ ነገር ግን ማስረጃ የለውም። ገበያ ሲደራ ወሬውም አብሮ እንደሚደራ ነጋዴ አይስተውም።

ሁለት ገበያ፣ ሁለት ሒሳብ

አሁን ወደ ሁለተኛው ገበያ እንሂድ። አታሪ የተባለው የካሊፎርኒያ ኩባንያ በ1976 በ28 ሚሊዮን ዶላር ለዋርነር ኮሙኒኬሽንስ ተሸጦ ነበር። በ1977 ከቴሌቪዥን ጋር የሚገጠም የቤት ማሽን በ200 ዶላር ገደማ ገበያ ላይ አዋለ። ጌሞቹ ለብቻቸው በካሴት የሚሸጡ ነበሩ። ስሌቱ ግልጽ ነው፤ ማሽኑ ላይ ቀጭን ትርፍ፣ ካሴቱ ላይ ወፍራም ትርፍ። ማሽኑን ከገዛ በኋላ ደንበኛው ካሴት እየገዛ ይኖራል። ይሁን እንጂ ማሽኑ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የታሰበውን ያህል አልሄደም። በ1978 ያልተሸጠ ማሽን መጋዘን ውስጥ ተከምሮ ነበር።

እዚህ ላይ አንባቢ የሁለቱን ገበያ ልዩነት ይለይልን። በአዳራሹ ማሽን ገንዘብ የሚገባው በሳንቲም ነው። የማሽኑ ባለቤት የሚፈልገው ተጫዋቹ ተጓጉቶ እንዲጀምር፣ ቶሎ እንዲሸነፍ፣ ደግሞ ሳንቲም እንዲያስገባ ወይም ቦታውን ለተረኛ እንዲለቅ ነው። በቤት ግን ገዢው ገንዘቡን የሚከፍለው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ስለዚህ የሚፈልገው ቶሎ የማይሰለች፣ ቤተሰብ የሚያሰባስብ፣ ከወራት በኋላም የሚጫወቱት ዕቃ ነው። ጌሙ አንድ ቢሆንም ሸቀጡ ሁለት ነው።

ስሙን መግዛት

ያን ጊዜ የነበረው ልማድ የሰውን ጌም አይቶ መሰሉን ሠርቶ፣ ስሙን ለውጦ መሸጥ ነበር። ለአንድ የአዳራሽ ጌም ስም ከፍሎ ወደ ቤት ማሽን ማምጣት አልተለመደም። የዋርነር ኃላፊ የነበሩት ማኒ ጀራርድ ሠራተኞች በአዳራሹ ማሽን ላይ ተጠምደው ሲያዩ ፈቃዱ እንዲገዛ ገፋፍተዋል ይባላል። አታሪን ይመሩ የነበሩት ሬይ ካሳር ከጨርቃ ጨርቅ ኢንዱስትሪ የመጡ ሰው ነበሩ። አታሪ ከታይቶ ፈቃድ ገዝቶ በ1980 «ስፔስ ኢንቬደርስ»ን ለቤት ማሽኑ አወጣ። ከአዳራሽ ወደ ቤት በይፋ ፈቃድ የገባ የመጀመሪያው ጌም ተደርጎ የሚቆጠረው ይህ ነው።

ነገሩ አንድ የሚያስቅ ጎን አለው። ኒሺካዶ ጌሙን ሲያስብ መነሻ የሆነው አታሪ በ1976 ለአዳራሽ ያወጣው «ብሬክአውት» የተባለ ጌም እንደነበር ራሱ ተናግሯል። ከአታሪ ቤት የወጣው ሐሳብ ጃፓን ደርሶ፣ ታርሞና ተሞሽሮ፣ ተመልሶ ለአታሪ በገንዘብ ተሸጠ ማለት ነው።

ውጤቱስ? ካሴቱ በመጀመሪያው ዓመት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ሚሊዮንን የተሻገረ የመጀመሪያው የጌም ካሴት እርሱ ነው። እስከ 1983 ድረስ ከ6 ሚሊዮን በላይ እንደተሸጠ ይታወቃል። የማሽኑም ሽያጭ በአራት እጥፍ እንዳደገ በሰፊው ተጽፏል። ሰው ካሴቱን ለማግኘት ሲል ማሽኑን ገዛ፤ ኮርቻውን ወድዶ በቅሎውን ገዛ እንደማለት ነው።

ሌሎች አምራቾችም ዝም አላሉም። ማቴል «ስፔስ አርማዳ» የተባለ መሰል ጌም በ1981 ለራሱ ማሽን አወጣ። ሠልፉም፣ መከለያውም፣ መድፉም አለ። የሌለው ስሙ ብቻ ነው። አዳራሽ ውስጥ የተጫወተ ሰው ሱቅ ገብቶ የሚጠይቀው ግን ያንኑ ስም ነበር።

ምን ተቆረጠ? ምን ተጨመረ?

ስሙ ተገዛ እንጂ ዕቃው ገና አልተሠራም ነበር። ሥራውን የያዘው ሪክ ማውረር የተባለ ፕሮግራመር ነው። ችግሩን ለመረዳት ማሽኑን ማወቅ ያስፈልጋል። የአታሪ ማሽን የነበረው ሜሞሪ 128 ባይት ብቻ ነው። ይህ አንቀጽ እንኳ አይገባበትም። በካሴቱ ላይ ያለው ጠቅላላ ፕሮግራም 4 ኪሎባይት ሲሆን የአዳራሹ ጌም ግን 8 ኪሎባይት ነበረው። ማሽኑ ሙሉ ስክሪኑን በሜሞሪ የሚይዝበት ቦታ ስላልነበረው፣ ፕሮግራሙ ምስሉን መስመር በመስመር ከቴሌቪዥኑ ጋር እየተሯሯጠ መሳል ነበረበት።

ከዚህም በላይ ማሽኑ የተሠራው ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ለሚጋጠሙባቸው ቀላል ጌሞች ስለነበር፣ በቀላሉ ሊያንቀሳቅሳቸው የሚችላቸው የተጫዋች ምስሎች ሁለት ብቻ ናቸው። 55 ወራሪ በሁለት ምስል እንዴት ይሠራል? ማሽኑ አንዱን ምስል ጎን ለጎን ሦስት ጊዜ ደግሞ ማሳየት ይችላል። ሁለት ምስል በሦስት ሲባዛ ስድስት ይሆናል። በመሆኑም የቤቱ ጌም በአንድ ረድፍ ስድስት፣ በስድስት ረድፍ 36 ወራሪዎች ይዞ ወጣ። መከለያዎቹም ከአራት ወደ ሦስት ዝቅ አሉ።

እንግዲህ 19 ወራሪዎች ቀርተዋል። ገዢው አኮረፈ? አላኮረፈም። ምክንያቱም የጨዋታው ነፍስ አልተነካም። ሠልፉ ይወርዳል፣ መከለያው ይሸረሸራል፣ ወራሪዎቹ ሲያንሱ ፍጥነታቸው ይጨምራል። በአዳራሹ ማሽን ይህ ፍጥነት ከፕሮሰሰሩ ድካም የተገኘ ነበር። በቤቱ ማሽን ግን በራሱ የሚመጣ ስላልሆነ ታስቦበት መግባት ነበረበት። ማውረር የትኛው ነገር ቢቀር እንደማይጎዳና የትኛው ቢቀር ዕቃው ዕቃ እንደማይሆን ለይቷል ማለት ነው።

ከቆረጠው ይልቅ የሚደንቀው የጨመረው ነው። በዚያችው 4 ኪሎባይት ውስጥ 112 ዓይነት አጨዋወት አስገባ። መከለያዎቹ የሚንቀሳቀሱበት፣ ጥይቱ እየተጠማዘዘ የሚወርድበት፣ ወራሪዎቹ የማይታዩበት፣ ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚጫወቱበት ምርጫ ነበረው። ቀለምም አለው። የአዳራሹ ማሽን ስክሪን ጥቁርና ነጭ ሆኖ ቀለሙ የሚመጣው በላዩ ከተለጠፈ ባለቀለም ፕላስቲክ ነበር። ለአዳራሽ ባለቤት 112 ምርጫ ምን ይሠራለታል? ሳንቲም የሚያዘገይ ትርፍ ነገር ነው። አንድ ጊዜ ከፍሎ ለሚገዛ አባወራ ግን ገንዘቡ በከንቱ እንዳልጠፋ የሚያሳምነው ይህ ነው።

ሠሪው ምን አገኘ?

እዚህ ላይ የአታሪን የመጀመሪያ ስህተት እናገኛለን። የአታሪ ፕሮግራመሮች በደመወዝ የሚሠሩ ሲሆኑ፣ ካሴቱ ሚሊዮን ቢሸጥም ከሽያጩ ድርሻ አያገኙም ነበር። ስማቸውም ማሸጊያው ላይ አይጻፍም። ዴቪድ ክሬን፣ ላሪ ካፕላን፣ አላን ሚለርና ቦብ ኋይትሄድ የተባሉ አራት ፕሮግራመሮች የሠሯቸው ካሴቶች ከኩባንያው ሽያጭ ብዙውን ድርሻ እንደሚይዙ አይተው ድርሻና ስም ጠየቁ። ሳይሳካላቸው ሲቀር ወጥተው በ1979 ከጂም ሌቪ ጋር አክቲቪዥን የተባለውን ኩባንያ አቋቋሙ። ለአታሪ ማሽን ካሴት የሚሠራ የመጀመሪያው የውጭ ኩባንያ ይህ ነው። አታሪ ከሰሰ፤ ነገሩ ከጊዜ በኋላ በስምምነት አለቀ። በሩ ግን ተከፍቷል።

ሮብ ፉሎፕ ደግሞ «ሚሳይል ኮማንድ» የተባለውን የአዳራሽ ተኩስ ጌም ለቤት ማሽኑ በ1981 ያዘጋጀ ሰው ነው። ካሴቱ በሚሊዮን ተሸጠ። ለበዓል ጉርሻ የተሰጠው ግን የአንድ ተርኪ መግዣ ኩፖን እንደነበር ራሱ ደጋግሞ ተናግሯል። እርሱም ወጥቶ ኢማጂክ የተባለውን ኩባንያ ከመሠረቱት አንዱ ሆነ። በ1982 ያወጣው «ዲመን አታክ» ከአዳራሽ ያልመጣ፣ ለቤት ታስቦ የተሠራ የተኩስ ጌም ሲሆን ገበያውን ተሻማ። አታሪ የተርኪ ዋጋ ቆጥቦ ተፎካካሪ ገዛ ብንል ማጋነን አይሆንም።

ያው ዘዴ፣ ሌላ ውጤት

ከ«ስፔስ ኢንቬደርስ» በኋላ አታሪ መንገዱን አገኘሁ አለ። በ1981 የራሱን የአዳራሽ ጌም «አስትሮይድስ»ን ወደ ቤት አመጣ። ለዚህም ወጪውን ችሎ የካሴቱን አቅም ወደ 8 ኪሎባይት አሳደገ፤ ዕቃው ይህን ይጠይቅ ነበርና። ካሴቱም በሚገባ ተሸጠ።

ቀጥሎ የመጣው «ፓክማን» ነው። ይህ የተኩስ ጌም ባይሆንም ለትምህርታችን የግድ ያስፈልጋል። በጊዜው ከ«ፓክማን» የበለጠ ስም አልነበረም። አታሪ ፈቃዱን ይዞ በ1982 ካሴቱን ሲያወጣ ግን አቅሙን እንደገና በ4 ኪሎባይት ወሰነው። አራቱ አሳዳጆች በአንድ ምስል በየተራ ስለሚሳሉ ስክሪኑ ላይ ብልጭ ድርግም ይላሉ። ቀለሙም ድምፁም ሰው አዳራሽ ውስጥ የሚያውቀው አልነበረም። ከ7 ሚሊዮን በላይ ተሸጧል፤ በቁጥር ሲታይ ከ«ስፔስ ኢንቬደርስ» ይበልጣል። ሆኖም የተመረተው ከተሸጠው እጅግ ስለሚበልጥ ቀሪው መጋዘን ገባ። ከሁሉ የከፋው ግን ገዢው ሱቅ ሲገባ በአታሪ ስም ላይ የነበረው እምነት መሸርሸሩ ነው።

በዚያው ዓመት መጨረሻ «ኢ.ቲ.» የተባለውን ፊልም ወደ ጌም ለመለወጥ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ ለፈቃድ እንደተከፈለ በሰፊው ተዘግቧል። ለበዓል ገበያ እንዲደርስ ተብሎ ለፕሮግራመሩ የተሰጠው ጊዜ አምስት ሳምንት ገደማ ብቻ ነበር። ወደ 4 ሚሊዮን ካሴት ተመረተ። አብዛኛው ወይ ሳይሸጥ ቀረ፣ ወይ ከቸርቻሪዎች ተመላሽ ሆነ። በሌላ በኩል አክቲቪዥን በከፈተው በር ብዙ ኩባንያዎች ገብተው መደርደሪያው በማይረባ ካሴት ተጥለቅልቆ ነበር። ቸርቻሪው ያልሄደለትን ዕቃ በርካሽ ሲያራግፍ፣ ጥሩውም ካሴት ከመጥፎው ጋር ረከሰ።

በመስከረም 1983 አታሪ ያልተሸጡ ካሴቶችን በጭነት መኪና አስጭኖ በኒው ሜክሲኮ ግዛት አላሞጎርዶ ከተማ የቆሻሻ መጣያ ውስጥ አስቀበረ። ቦታው በ2014 ሲቆፈር «ኢ.ቲ.» ብቻ ሳይሆን እንደ «ሚሳይል ኮማንድ»ና «ሴንቲፒድ» ያሉ፣ ከአዳራሽ የመጡና በደጉ ጊዜ የተቸበቸቡ የተኩስ ጌሞችም ተገኝተዋል። ጥሩ ዕቃም ቢሆን ከገበያው በላይ ከተመረተ መጨረሻው ጉድጓድ ነው።

ከማስታወቂያው በፊት የተሸጡ አክሲዮኖች

የአክሲዮን ገበያን ለሚከታተሉ አንባቢያን ደግሞ ሌላ ትምህርት አለ። በ1982 ከዋርነር ትርፍ ከግማሽ በላዩ የሚመጣው ከአታሪ ነበር። የዋርነርን አክሲዮን የገዛ ሰው የፊልምና የሙዚቃ ኩባንያ የገዛ ቢመስለውም፣ በተግባር ገንዘቡን የጣለው በጌም ካሴት ላይ ነው። ታህሣሥ 7 ቀን 1982 ኩባንያው የአታሪ ሽያጭ የተጠበቀውን ያህል እንደማያድግ አስታወቀ። ኪሳራ አላለም፤ ዕድገቱ ያንሳል ነው ያለው። በማግስቱ የዋርነር አክሲዮን ከዋጋው ሲሶ ያህሉን አጣ።

ሬይ ካሳር ማስታወቂያው ከመውጣቱ ጥቂት ቀደም ብለው 5,000 የዋርነር አክሲዮን መሸጣቸው ታወቀ። ከያዙት ጠቅላላ ድርሻ ትንሹ ክፍል ቢሆንም የአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ከሰሳቸው። ጥፋቱን ሳያምኑም ሳይክዱም ትርፉን መልሰው ጉዳዩን በስምምነት ጨረሱ። በ1983 ከሥራቸው ለቀቁ። አታሪ በዚያ ዓመት ከ500 ሚሊዮን ዶላር በላይ ከሠረ። በ1984 ዋርነር የቤት ማሽንና የኮምፒውተር ክፍሉን ለጃክ ትራሚየል አስረክቦ ተገላገለ።

ነጋዴውና ባለገንዘቡ ምን ይያዙ?

አንደኛ፣ ስም በር ይከፍታል እንጂ ቤት ውስጥ አያቆይም። «ስፔስ ኢንቬደርስ»ም «ፓክማን»ም ስማቸው ተከፍሎበታል። የተለያዩት ገዢው ካሴቱን ቤቱ ወስዶ ከከፈተው በኋላ ነው።

ሁለተኛ፣ ዕቃ ከገበያ ወደ ገበያ ሲዛወር መቁረጥ አይቀርም፤ ነገር ግን የሚቆረጠውን መምረጥ ያስፈልጋል። 19 ወራሪ ሲቀር ማንም አላጉረመረመም። የአሳዳጆቹ ብልጭ ድርግም ማለት ግን የሁሉንም ዓይን ያዘ። ለ«አስትሮይድስ» የወጣው ተጨማሪ ወጪ ለ«ፓክማን» ሲነፈግ፣ የተቆጠበው ሳንቲም ዶላር አስከፈለ።

ሦስተኛ፣ የተሸጠውን ትቶ የቀረውን መቁጠር ነው። ሰባት ሚሊዮን ሸጦ የሚጎዳ ነጋዴ መኖሩን አይተናል። ለአከፋፋይ የተላከ ዕቃ ገዢ ቤት እስኪገባ ድረስ ተሸጠ አይባልም። ዱቤ ሰጥቶ ወይም ተመላሽ ሊቀበል ተስማምቶ የላከ ሰው፣ ክምችቱ ከእጁ የወጣው በወረቀት ብቻ ነው።

አራተኛ፣ እጁን ላስገኘልህ ሰው ድርሻውን ስጠው። አታሪን ያጥለቀለቁት ተፎካካሪዎች ፊታውራሪዎች ከራሱ ቤት የወጡ ሰዎች ናቸው።

አምስተኛ፣ አክሲዮን የሚገዛ ሰው የኩባንያውን ስም ሳይሆን ትርፉ ከየትኛው በር እንደሚገባ ይጠይቅ። በአንድ በር ብቻ የሚገባ ትርፍ በዚያው በር ይወጣል።

ስለ ወራሪዎቹ መጨረሻ ደግሞ ይህን ጨምረን እናብቃ። ታይቶ ራሱ በ1985 ጌሙን ለኒንቴንዶ ማሽን አወጣ። በ1999 ደግሞ በፈቃድ የታደሰ «ስፔስ ኢንቬደርስ» ለፕሌይስቴሽንና ለኒንቴንዶ 64 ገበያ ላይ ዋለ። አሳታሚው ማን ነበር ቢሉ አክቲቪዥን ነው፤ አታሪ ድርሻና ስም ነፍጓቸው የወጡት ፕሮግራመሮች ያቋቋሙት ኩባንያ!